ግራፉ ሽቅብ ሲተኮስ ምን ተፈጠረ?

ዛሬ ዋጋ አልለጥፍም፤ ግራፍ እናንብብ። የዋጋ ግራፍ ባወጣሁ ቁጥር በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ "መጨረሻው ላይ ለምን ተተኮሰ? ምን ተፈጠረ?" የሚል ነው። ብዙ ጊዜ ምንም አልተፈጠረም።

የ10ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ኤክስፖነንሻል ፈንክሽን የሚባለው ይሄ ነው (ቤት ውስጥ ተማሪ ካለ መጽሐፉን ተቀበሉት)። ቀጥታ መስመር ላይ በየወሩ እኩል ብር ይደመራል፤ ኤክስፖነንሻል ግን በየወሩ በአንድ ቁጥር ይባዛል።

እንበል አንድ ኩንታል እህል 10,000 ብር ነው፣ በወር 3 ፐርሰንት ይጨምራል። በየወሩ በ1.03 ታባዛላችሁ ማለት ነው። የመጀመሪያው ወር ጭማሪ 300 ብር ብቻ ነው። በ24ኛው ወር ዋጋው እጥፍ ሆኖ 20,300 አካባቢ ይገባል። የ36ኛው ወር ጭማሪ ብቻውን 840 ብር ያልፋል። ግራፉ መጀመሪያ ጋደም ብሎ መጨረሻው ግድግዳ ይመስላል፤ ፍጥነቱ ግን ያው 3 ፐርሰንት ነው። ስለዚህ በዓይን አትፍረዱ። የዚህን ወር ዋጋ ለባለፈው ወር ዋጋ አካፍሉት። 1.03 አካባቢ ከሆነ አዲስ ነገር የለም፤ 1.06 ካለ ግን የእውነት የተፈጠረ ነገር አለ።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ፤ ተበድሮ እህል የሚያከማች አለ። አበዳሪው በወር 5 ፐርሰንት ይላል፣ ካልተከፈለ ወለዱ ዋናው ላይ ይደመራል። ሁለቱንም ግራፎች አንድ ወረቀት ላይ ሳሏቸው። ሁለቱም ከ10,000 ይነሳሉ። በአንደኛው ወር እህሉ 10,300፣ ዕዳው 10,500፤ መስመሮቹ ተጣብቀው ልዩነቱ እንኳን አይታይም። "200 ብር ምን አላት" ይባላል። በ12ኛው ወር እህሉ 14,258፣ ዕዳው 17,959! ዋጋው ጨምሮም በኩንታል 3,700 ብር ኪሳራ። የ100 ኩንታሉን እናንተ አስሉት። 1.03 ከ1.05 ጋር ሲሮጥ መቼም አይደርስበትም፤ "ትንሽ ልጠብቅ" ባላችሁ ቁጥር ይርቃችኋል።

የሚባዛው ቁጥር ከ1 ሲያንስ ደግሞ ግራፉ ቁልቁል ይወርዳል። ነቀዝ በወር 2 ፐርሰንት ከበላው 100 ኪሎው በዓመቱ 78 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። መስመሩ ዜሮን አይነካም ይላል መጽሐፉ፤ ነቀዝ ግን መጽሐፍ አያነብም። ከላይ ያለውን 14,258 በዚህ አባዙት፤ እጃችሁ ላይ የሚቀረው 11,190 ብር አካባቢ ነው። ዕዳው ግን ያው 17,959።