የዙበይር ኑዛዜ፦ ዕዳ፣ ወሲያ፣ ውርስ

ቢስሚላሂር-ረሕማኒር-ረሒም



ኑዛዜ (ወሲያ) ሲባል ለአብዛኞቻችን የሚታየን በዕድሜ የገፋ ሰውና የሕመም አልጋ ነው። ተማሪዎች ስለሆንን ጉዳዩ ገና የእኛ አይመስለንም። ነገር ግን ወላጅ ካለፈ በኋላ ወንድማማቾች በቤትና በመሬት ሲካሰሱ፣ እህቶችም «የአገሩ ልማድ አይደለም» እየተባሉ ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ ያየን ጥቂት አይደለንም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በሶሐቦች ዘመን የአንድ ቤተሰብ ሀብት እንዴት እንደተከፋፈለ እንመለከታለን። ታሪኩን ኢማሙ አል-ቡኻሪ በሶሒሕ ስብስባቸው ዘግበውታል።

የአባት አደራ

ዘመኑ 36ኛው ዓመተ ሂጅራ (656 እ.ኤ.አ.)፣ ዕለቱ የጀመል ውጊያ ቀን ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ልጁን ዐብደላህን ጠርቶ በዚያ ቀን እንደሚገደል እንደሚሰማው ነገረው። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀው ዕዳው ነበር። ንብረቱን ሸጦ ዕዳውን እንዲከፍልለት፣ ከሚተርፈው ሲሶውን ለኑዛዜ እንዲያወጣ፣ የሲሶውንም ሲሶ ለዐብደላህ ልጆች እንዲሰጥ አዘዘው። ክፍያው ከከበደው በ«መውላው» እንዲታገዝ ነገረው። ዐብደላህ መውላው ማን እንደሆነ ሲጠይቀው «አላህ» ብሎ መለሰለት።

ዙበይር ባለዕዳ የሆነው በብክነት አልነበረም። ሰዎች ገንዘባቸውን በአደራ ሊያስቀምጡ ሲመጡ «አደራ አይሁን፣ ብድር ይሁን» ይላቸው ነበር። አደራ ያለ ጠባቂው ጥፋት ቢጠፋ አይተካም፤ ብድር ግን የግድ ይመለሳል። የሰው ገንዘብ እንዳይጠፋ ሸክሙን በራሱ ላይ አደረገው ማለት ነው።

ዐብደላህ ቢቆጥረው ዕዳው 2,200,000 ሆነ። ዙበይር ዲናርም ዲርሃምም አልተወም። የተወው ጋባ የሚባለውን መሬት፣ በመዲና 11 ቤቶች፣ በበስራ 2፣ በኩፋ 1፣ በግብፅም 1 ቤት ነበር። በ170,000 የተገዛው የጋባ መሬት በ1,600,000 ተሸጠ፤ በአላህ እገዛም ዕዳው ተከፈለ።

ወራሾቹ ወዲያው «ውርሳችንን አከፋፍለን» አሉት። ዐብደላህ ግን እምቢ አለ። በተከታታይ አራት ዓመት በሐጅ ወቅት «ከዙበይር ላይ ገንዘብ ያለው ይምጣ፣ እንከፍለዋለን» እያለ አስነገረ። አራቱ ዓመት ሲያልቅ ሲሶውን ለኑዛዜ አውጥቶ የቀረውን አከፋፈለ። አራቱ ሚስቶች እያንዳንዳቸው 1,200,000 ደረሳቸው።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ ዕዳ ይቀድማል። ከሟች ሀብት በመጀመሪያ የጀናዛ ወጪ ይሸፈናል፣ ከዚያ ዕዳ ይከፈላል፣ ቀጥሎ ኑዛዜው ይፈጸማል፣ በመጨረሻ ወራሾች ይካፈላሉ። ዐብደላህ ራሱ ወራሽ ሆኖ ሳለ አራት ዓመት የጠበቀው ለዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የኑዛዜ ጣሪያ ሲሶ ነው። ሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ) መካ ላይ በጠና ታሞ ሳለ ሁለት ሦስተኛውን፣ ቀጥሎም ግማሹን ሀብቱን ለመስጠት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠይቆ ነበር። እርሳቸው ሲሶውን ብቻ ፈቀዱለት፤ እርሱም ብዙ መሆኑን፣ ወራሾችን ሰው እጅ የሚያዩ ድሆች አድርጎ ከመተው ተብቃቅተው እንዲኖሩ ማድረግ እንደሚሻል ነገሩት። በጎ አድራጎት እንኳ የቤተሰብን ሐቅ አይበላም።

ሦስተኛ፣ ለወራሽ ኑዛዜ የለም። የልጅ ልጆቹ አባታቸው ዐብደላህ በሕይወት ስላለ ከዙበይር አይወርሱም ነበር፤ ስለዚህ በኑዛዜ ሊሰጣቸው ቻለ። ለአንዱ ልጅ ግን ከሌሎቹ ወራሾች አስበልጦ በኑዛዜ መስጠት አይቻልም።

አራተኛ፣ የወራሾችን ድርሻ የወሰነው አላህ ነው። በሱረቱ አን-ኒሳእ አንቀጽ 11 እና 12 እንደተደነገገው፣ ሟች ልጆች ካሉት ሚስቶች በጋራ ስምንተኛውን ይወስዳሉ፤ የዙበይር ሚስቶች ለአራት የተካፈሉት ይህንኑ ነው። የቀረው ወንዱ የሴቷን እጥፍ እያገኘ ለልጆቹ ይሆናል። ሴት ልጅ ድርሻዋን የምታገኘው በወንድሟ በጎ ፈቃድ ሳይሆን በአላህ ድንጋጌ ነው። ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) በኡሑድ ሲሰዋ ወንድሙ ሀብቱን ጠቅልሎ ወሰደ። ሚስቱ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አቤት አለች፤ የውርስ አንቀጽም ወረደ። ሀብቱ 24 እጅ ቢሆን ለልጆቹ 16፣ ለእናታቸው 3፣ ለአጎታቸው የቀረው 5 ብቻ ሆነ።

ወደ እኛ ስንመጣ

በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎች ሲስማሙ የሙስሊም ሟችን ኑዛዜና ውርስ ያያሉ። ቤት ውስጥ ክርክር ሲነሳ ከመኮራረፍ በፊት ቃዲ ወይም ፈራኢድ የሚያውቅ ዓሊም እንጠይቅ።

ለራሳችንስ? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ኑዛዜው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። የእኛ ሀብት ትንሽ ይሆናል፤ ዕዳችን ግን አለ። ከዶርም ጓደኛ የተበደርነው ብር፣ በአደራ የያዝነው የጀመዓ ገንዘብ፣ የተዋስነው ላፕቶፕ ሁሉ የሰው ሐቅ ነው። ዛሬ ማታ አንድ ወረቀት አውጥተን ያለብንንና ያለንን እንጻፍ፤ የምናምነው ሰውም ይወቀው።

አላህ ከሰው ሐቅ ነፃ ሆነን የምንገናኘው ያድርገን። ወላሁ አዕለም።