የልጄ ዝናር

አምና የካቲት 23 ልጄ መድረክ ላይ ዝናሩ ወለቀበት። ትምህርት ቤቱ የአድዋን ድል በድራማ ሲያከብር እሱ ከሚፎክሩት ወታደሮች አንዱ ነበር። “ዘራፍ!” ብሎ ሲዘል ዝናሩ ተፈትቶ ቁርጭምጭሚቱ ላይ አረፈ። አዳራሹ በሳቅ አውካካ። እውነቱን ልናገርና እኔም ስቄያለሁ። ልጄ ግን አልሳቀም። ዘንድሮ መምህሩ ተሳታፊዎችን ሲመዘግቡ “እኔ ቁጭ ብዬ ነው የማየው” ማለቱን የሰማሁት ከእናቱ ነው።

ያንን ዝናር የሠራሁት እኔ ነኝ። ካርቶን ቆርጬ፣ ቡናማ ጨርቅ በማስቲሽ ለጥፌ፣ ከኋላ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩት። ለቆመ ሰው ያምር ነበር። ሲዘለልበት ግን ካርቶኑ ታጠፈ፣ መርፌ ቁልፉም ጨርቁን ቀዶት ወጣ።

እናላችሁ፣ ጥር ላይ ሰፈራችን በረንዳ ላይ ሲንጀራቸውን ዘርግተው ወደሚሰፉ አዛውንት ሄድኩ።

“ጋሼ፣ ዝናር ይሰፉልኛል?”

“ዝናር የቆዳ ሥራ ነው፤ ቆዳ ሰፊ ፈልግ።”

ለልጅ ድራማ መሆኑን ስነግራቸው ሳቁ። “እንደሱ ከሆነማ ራስህ ትሰፋዋለህ። እኔ አሳይሃለሁ።”

እኔ የላዩን ቀለም ሳስብ እሳቸው የጠየቁኝ ውስጡ ምን እንደሚገባ ነው። ከአሮጌ የድንኳን ሸራ ሁለት ድርብ አስቆረጡኝ፤ ለላዩ ካኪ። አቆራረጡ ላይ ግን ተቆጡኝ። ጨርቅ ለመቆጠብ ብዬ በሰያፍ ልቆርጥ ነበር። ቁራጯን ሰጥተውኝ “ሳበው” አሉኝ፤ እንደ ላስቲክ ተለጠጠ። በድሩ አቅጣጫ የተቆረጠውን ስስበው ግን ንቅንቅ አላለም። አምና ጨርቁን እንዴት ቆርጬው እንደነበር አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ልኬቱንም ተሳስቼ ነበር። የልጄን ወገብ በስስ ቲሸርት ለክቼ 58 ሴንቲ ሜትር ይዤ ሄጄ፣ “በሙሉ ልብሱ ላይ ለካው” ተብዬ ተመለስኩ። 64 ሆነ። ለመደራረቢያ 20 ጨመርንበት። ስፋቱን 7 አደረግነው፤ ከዚያ ከሰፋ ልጁ ጎንበስ ሲል ሆዱን ይወጋዋል።

ከዚያ ስፌቱ መጣ። በጫፎቹ ዙሪያ ብቻ ከተሰፋ ውስጡ እየተንሸራተተ ይሸበሸባል፤ ስለዚህ ከዳር እስከ ዳር በአንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ልዩነት መስመር ሰፋንበት። በ14 ቁጥር መርፌ ጀምሬ ሁለት ሰበርኩ። ጋሼ ምንም ሳይናገሩ 18 ቁጥር አስገቡልኝ፤ ወፍራሙ ቦታ ላይ ስደርስም ፔዳሉን ትቼ ጎማውን በእጄ እንዳዞር አደረጉኝ። ዘለበቱን ከአሮጌ ቦርሳ ነቅለን አመጣን። የተያዘበትን ቦታ አራት ማዕዘን ሰፍተው መሀሉን በመስቀለኛ አቋረጡት። “አሁን ጉልበቱ አንድ ቦታ ላይ አያርፍም” አሉኝ።

አስቸጋሪው የጥይት ማስገቢያው ነበር። ልጄ 20 ጥይት ካልሆነ ብሏል! ጥይቶቹን ከቀጭን ቀርከሃ ቆርጠን ወርቃማ ቀለም ቀባናቸው። (የአባቶቻችን ውጅግራ የሚተኩሰው የ11 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው፤ የእኛም ቀርከሃ ከዚያ ብዙ አይርቅም።) ማስገቢያው በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ይሰፋል፤ ግን ለእያንዳንዱ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ጨርቅ ይበላል፣ አለዚያ ቀርከሃው አይገባም። ይህን ሳላስብ የመጀመሪያውን 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ ቆርጬ አበላሸሁት። 70 ነበር የሚያስፈልገው።

አምጥቼ ስሰጠው “ይወልቃል” አለኝ፣ ሳያየው። ታጠቀው። ከሶፋው ላይ ዘለለ። ደገመ። ታናሽ እህቱን “ሳቢኝ” አላት፤ እሷም በሁለት እጇ ተንጠለጠለችበት። ዘለበቱ አልተነቃነቀም። በማግስቱ መምህሩ ዘንድ የሄደው ራሱ ነው።

የበዓሉ ዕለት ጋሼ እንደመከሩኝ ዝናሩ እንዳይንሸራተት ከስሩ ነጠላ እንደ ድግ ጠመጠምንለት። የጦርነቱ ትዕይንት ላይ ቆስሎ መውደቅ ነበረበት። ወደቀ፤ ከተጻፈለት በላይ ሁለት ጊዜ ተንከባለለ። እኔ የማየው ፊቱን ሳይሆን ወገቡን ነበር። ሦስት ጥይት ወድቆ መድረክ ላይ ቀረ፤ ዝናሩ ቦታው ላይ ነው።

ማታ ልብሱን ቀይሮ ራት ሊበላ ሲመጣ ከፒጃማው ላይ ታጥቆታል። እናቱ “ፍታው እንጂ” ስትለው እኔን አየኝ። ዝም አልኩ።