ዶላር በላስታ ገበያ

ቅዳሜ የላሊበላ የገበያ ቀን ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር ካሉት ደጋማ ቀበሌዎችም ሆነ ከቆላው የሚመጣው አርሶ አደር ገብሱን፣ ጤፉን፣ ባቄላውንና ምስሩን በአህያ ጭኖ፣ በጉን እየነዳ በማለዳ ገበያው ይደርሳል። የያዘውን ሸጦ ዘይት፣ ጨውና ሳሙና ገዝቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀኑን ሙሉ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወረው ብር ነው፤ ዶላር የሚቆጥር ሰው በመካከሉ አይታይም።

ይሁን እንጂ አርሶ አደሩ በእጁ ይዞት የማያውቀው ይህ ገንዘብ በኑሮው ላይ ትልቅ ድርሻ አለው። ማዳበሪያው፣ ዘይቱ፣ እህሉን የሚያጓጉዘው መኪና ነዳጅ ከውጭ የሚገዙት በዶላር ነው። የዶላር ዋጋ ሲጨምር የእነዚህ ዋጋ አብሮ ይጨምራል። ታዲያ ይህን ዋጋ የሚወስነው ምንድን ነው? የላስታ አርሶ አደርስ ከለውጡ የሚጎዳው ነው ወይስ የሚጠቀመው?

አሞሌና ጠገራ ብር

ነገሩ ለአካባቢው ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በቀደመው ዘመን በሰሜኑ ደጋ ሁለት ዓይነት ገንዘብ ጎን ለጎን ይሠራ ነበር። አንዱ ከአፋር በረሃ እየተቆረጠ በግመልና በበቅሎ የሚመጣው አሞሌ ጨው ነው። ሌላው የማርያ ትሬዛ ምስል ያለበት፣ በላዩ 1780 የሚል ዓመተ ምሕረት የተቀረጸበት፣ ከውጭ የሚገባው ጠገራ ብር ነው። ለላስታ ቅርብ የሆነችው ሰቆጣ የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች።

አንድ ጠገራ ብር ስንት አሞሌ ያወጣል የሚለው ግን በየቦታው ይለያይ ነበር። ጨው ከሚቆረጥበት አቅራቢያ አንድ ጠገራ ብዙ አሞሌ ይገዛል፤ ወደ መሐል አገር በተራቀ ቁጥር የሚገዛው አሞሌ ያንሳል። ክረምት ገብቶ መንገድ ሲዘጋም አሞሌ ይወደዳል። ጠገራ ብሩ ደግሞ ወደ አገር የሚገባው ቡና፣ ቆዳ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ለውጭ ነጋዴ ሲሸጥ ነበር። ያልሸጠ አገር ጠገራ አያገኝም።

የዛሬው የውጭ ምንዛሪም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። ምንዛሪ ማለት የአንድ ገንዘብ ዋጋ በሌላ ገንዘብ ሲለካ ማለት ነው። ዶላር ፈላጊው በዝቶ አቅራቢው ሲያንስ ዶላር ይወደዳል፤ አቅርቦቱ ሲበዛ ይረክሳል። ልክ እንደ ምስርና እንደ በግ ማለት ነው።

የአገር የገቢና የወጪ መዝገብ

ዶላሩ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚሄድ የሚመዘገብበት የሒሳብ መዝገብ የክፍያ ሚዛን ይባላል። በቤተሰብ ደረጃ ብናየው ይገባናል። አንድ አባወራ እህልና በግ ሸጦ ገቢ ያገኛል፤ ከተማ ያለ ልጁ ይልክለታል፤ ካልበቃው ይበደራል፤ በመጨረሻም ካስቀመጠው ላይ ያወጣል። አገርም እንዲሁ ነው።

የኢትዮጵያ መዝገብ የመጀመሪያው ዓምድ የሸቀጥ ንግድ ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከወጪ ንግድ ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ይህ ከቀደሙት ዓመታት ከፍተኛው ቢሆንም ለነዳጅ፣ ለማዳበሪያ፣ ለማሽነሪና ለሌሎች ገቢ ዕቃዎች የሚወጣው ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ሁለተኛው ዓምድ አገልግሎት ነው፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ገቢና ቱሪስት የሚያወጣው ገንዘብ እዚህ ይመዘገባል። ሦስተኛው በውጭ የሚኖሩ ወገኖች የሚልኩት ሐዋላና የለጋሾች ድጋፍ ነው። ላስታን ጨምሮ በበርካታ ወረዳዎች ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚተገበረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ገንዘብ አብዛኛው በዚህ በኩል የመጣ ነው። አራተኛው ብድርና የውጭ ኢንቨስትመንት ነው። ይህ ሁሉ ተደምሮ ካልበቃ በብሔራዊ ባንክ ካለው ክምችት ይወጣል።

ክምችቱም ሲመናመን ምን እንደሚከሰት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ታይቷል። ኢትዮጵያ የ1 ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ በጊዜው ሳትከፍል ቀርታለች።

ሐምሌ 22 ቀን 2016

ለረጅም ዓመታት የብር ተመን የሚወሰነው በመንግሥት ነበር። በደርግ ዘመን አንድ ዶላር 2 ብር ከ7 ሳንቲም ላይ ቆሞ ኖሯል። በ1985 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 5 ብር ከፍ ተደረገ። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ እና በ2010 ዓ.ም. ደግሞ ብር በአንድ ጊዜ ከፍ ባለ መጠን እንዲዳከም ተደርጓል። ያም ሆኖ የባንኩና የጥቁር ገበያው ዋጋ እየተራራቀ ሄዶ ከለውጡ በፊት በነበሩት ወራት የጥቁር ገበያው ዋጋ የባንኩን እጥፍ ያህል ደርሶ ነበር። ዕቃ ላኪው ዶላሩን በርካሽ ለባንክ ከመስጠት ማሸሽን ይመርጣል፤ አስመጪው ደግሞ ለወራት ወረፋ ይጠብቃል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። በዚያው ዕለት ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የ3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ70 ብር አለፈ፤ በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ።

የማዳበሪያው ስሌት

ይህ ወደ ላስታ ማሳ እንዴት እንደሚደርስ በምሳሌ እንመልከት። ስሌቱን ለማቅለል አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ጅቡቲ ወደብ ሲደርስ 50 ዶላር ያወጣል እንበል። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 2 ሺህ 850 ብር ነበር። ዶላር 130 ብር ሲሆን ግን 6 ሺህ 500 ብር ይሆናል። የዓለም ገበያ አንዲት ሳንቲም ሳይጨምር፣ የመርከቡም ሆነ የማዳበሪያው ዓይነት ሳይለወጥ ማለት ነው። ከጅቡቲ እስከ ወልድያ፣ ከዚያም በጋሸና በኩል እስከ ላሊበላ ያለው ማጓጓዣ ገና አልተደመረም። መንግሥት የማዳበሪያ ድጎማ የሚያደርገው የዚህን ጭማሪ የተወሰነ ክፍል ለመሸከም ነው። ድጎማውም ቢሆን ከበጀት የሚወጣ ነው፤ የሚከፍለው ሕዝቡ ነው።

የዚህ ስሌት ሌላኛው ገጽ ደግሞ አለ። አንድ ኪሎ ማር ለውጭ ገዥ በ4 ዶላር ይሸጣል ብለን ብናስብ ዶላር 57 ብር ሳለ የሚያስገኘው 228 ብር ነበር። በ130 ብር ግን 520 ብር ያስገኛል። ስለዚህ የብር መዳከም ገዥን ይጎዳል፤ ለውጭ የሚሸጥን ይጠቅማል። አርሶ አደሩ ማዳበሪያ ገዥ ብቻ ከሆነ በአንድ በኩል ብቻ ይመታል። የሚሸጠውም ካለው ሚዛኑ ይስተካከላል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ለአገሪቱ ብዙውን ዶላር የሚያመጡት ወርቅና ቡና ናቸው፤ ሁለቱም የላስታ መታወቂያ አይደሉም። ላስታ ያለው ማር፣ ጥራጥሬና በግ ነው። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በማር ምርት ግንባር ቀደም ብትሆንም አብዛኛው ማር እዚሁ ለጠጅና ለምግብ ይውላል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ጥቂት ነው። አርሶ አደሩ ማሩን በየግሉ በቅል ወይም በጀሪካን ሲሸጥ የዶላሩ ጭማሪ በመካከል ባለው ነጋዴ እጅ ይቀራል። ዘመናዊ ቀፎ፣ ንጹሕ አያያዝና በማኅበር ተደራጅቶ በብዛት ማቅረብ የሚያስፈልጉት ለዚህ ነው። የተመኑ ለውጥ በራሱ እስከ ቀፎው ድረስ አይሄድም፤ መንገድ ሊሠራለት ይገባል።

ሳይጫን የሚላክ ምርት

ላስታ ግን ሌሎች ወረዳዎች የሌላቸው አንድ አጭር መንገድ አለው። 11ዱ የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። የውጭ ጎብኚ እዚያው ሆቴል ገብቶ ቁርስ ሲበላ የሚያወጣው ዶላር በአገር መዝገብ ላይ እንደ ወጪ ንግድ ይቆጠራል። ጎብኚው የቀመሰው ማር፣ የበላው እንቁላልና የምስር ወጥ የላስታ አርሶ አደር ምርት ከሆነ ያ ምርት መርከብ ላይ ሳይጫን ለውጭ ገበያ ቀረበ ማለት ነው። ሆቴሉ እንቁላሉንና አትክልቱን ከሩቅ ከተማ፣ የታሸገውንም ከውጭ የሚያስመጣ ከሆነ ግን ዶላሩ ላሊበላን ረግጦ መልሶ ይወጣል።

የኮሮና ወረርሽኝና እርሱን የተከተለው ጦርነት ይህን የገቢ ምንጭ ክፉኛ ጎድተውታል። ጎብኚ ሲጠፋ የጎዳው ባለሆቴሉንና አስጎብኚውን ብቻ አልነበረም፤ ዶሮ አርቢውም ገበያ አጥቷል። ለዚህም ነው ሰላም ለምንዛሪም ጉዳይ የሆነው።

በረጅም ጊዜ ደግሞ ከውጭ የሚገዛውን በአገር ውስጥ መተካት አለ። ኢትዮጵያን ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስና ዳንጎቴ ግሩፕ ነሐሴ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. በሶማሌ ክልል ጎዴ በ2 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር የዩሪያ ማዳበሪያ ፋብሪካ ለመገንባት ተፈራርመዋል። በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን እንዲያመርት ታቅዷል። እስከዚያው ኮምፖስት ማዘጋጀት፣ ባቄላና ምስርን ከገብስና ከስንዴ ጋር እያፈራረቁ መዝራት የአፈሩን ለምነት ይጠብቃል፤ ከውጭ የሚገዛውንም ማዳበሪያ ይቀንሳል። ይህን የላስታ አርሶ አደር ከአባቶቹ ያውቀዋል።

ስለዚህ አርሶ አደሩ በየዕለቱ የባንክ ተመን መከታተል ላይጠበቅበት ይችላል። አንድ ሒሳብ ግን ይጠቅመዋል፤ በዓመቱ ከገዛው ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣው ስንቱ ነው? ከሸጠው ውስጥስ ባሕር ማዶ ያለ ሰው የበላው ስንቱ ነው? ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየበለጠ ሲሄድ የዶላር መወደድ ለላስታ ጎጆ ስጋት መሆኑ ይቀንሳል።