ተራራው እንደ ማማ፦ የገጠር ሽቦ አልባ ኢንተርኔትን በካርታ ስለመንደፍ

በኢትዮጵያ ገጠር ሽቦ አልባ ኢንተርኔት የመዘርጋት ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ተራራው በዋና እንቅፋትነት ይከሰሳል። እኛ በዚህ ክስ አንስማማም። ተራራ የሚያግደው በሁለት አንቴናዎች መካከል ሲገባ ነው፤ አንቴናው በአናቱ ላይ ከተተከለ ግን ገንዘብ ያልወጣበት ማማ ይሆናል። በቬኔዙዌላ በኤርማኖ ፒየትሮሴሞሊ መሪነት እ.ኤ.አ. በ2006 የ279፣ በ2007 ደግሞ የ382 ኪሎ ሜትር የዋይፋይ ግንኙነት የተሳካው ፒኮ ዴል አጊላ ከተባለው የአንዲስ ከፍታ በመነሣት ነበር።

የትኛው ተራራ ከየትኛው መንደር ጋር እንደሚተያይ ሳይወጡ ለማወቅ የሚያስችሉት እንደ ሬዲዮ ሞባይል ያሉ በነጻ የሚገኙ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ናቸው። የሚገለገሉበት የከፍታ መረጃ በአብዛኛው ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2000 በራዳር የለካችው ነው።

መተያየት ብቻውን ግን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ቀጭን ክር አይሄድም፤ በመንገዱ መሐል ይሰፋል። ለምሳሌ 20 ኪሎ ሜትር በሚረዝምና በ2.4 ጊጋኸርዝ በሚሠራ መሥመር፣ መሐል ላይ ከመሥመሩ ወደ ላይም ወደ ታችም 25 ሜትር ገደማ ይሰፋል። ከዚህም ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 15 ሜትር፣ ነጻ መሆን አለበት። የምድር ክብነት ደግሞ 6 ሜትር ያህል ይወስዳል። እንግዲህ መካከል ላይ ያለው ኮረብታ ከቀጥታው መሥመር 21 ሜትር ያህል ዝቅ ካላለ፣ ዐይን ያየውን ተራራ ሞገዱ በወጉ አይደርስበትም።

ይህን ሁሉ ፕሮግራሙ ያሰላዋል። ባሕር ዛፉን ግን አያውቅም፤ መሬቱ ከተለካ ወዲህ የተተከለ ባሕር ዛፍ ያንን 15 ሜትር በጥቂት ዓመታት ይበላዋል። ራዳሩም ከጎን ስለሚመለከት ቀጥ ያሉ ገደሎችን በከፊል ስቷቸዋል፤ ክፍተቱ የተሞላው በግምት ወይም ከሌላ ምንጭ በተገኘ መረጃ ነው። የዓባይን በረሃ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ቀለሙ ነው። ፕሮግራሙ ሞገድ የሚደርስበትን መሬት ቀብቶ ስፋቱን በመቶኛ ይነግረናል። የደጋው ሜዳ ሁሉ ሲቀባ ቁጥሩ ያምራል፤ ከገደሉ ሥር ያለው የቆላ መንደር ግን በጥላ ውስጥ ይቀራል፣ በሪፖርቱም አይነሣም። ስለዚህ ነዳፊው ከቀለሙ በፊት ትምህርት ቤቶችንና ጤና ኬላዎችን በካርታው ላይ ያስፍር፤ በጥላ ለወደቁትም በገደሉ አፋፍ ላይ በፀሐይ ኃይል የምትሠራ ትንሽ ማስተላለፊያ ይመድብ። ንድፉን ከዋሽንግተን ወይም ከስቶክሆልም ሆኖ መሥራት ይቻላል፤ በውጭ ያሉ ባለሙያ ወገኖቻችንም ሊያግዙ የሚችሉት በዚህ ነው። አፋፉ ላይ ወጥቶ የዛፉን ቁመት የሚለካው ግን የአካባቢው ሰው ነውና፣ የድካሙ ዋጋ ከመጀመሪያው በበጀቱ ሊያዝለት ይገባል።