የእናት ኪሎ፣ የጡት ወተትና የሕፃኑ ሆድ

አላህ (ሱ.ወ.) ለሕፃን ሪዝቁን የሚያዘጋጅለት ገና በእናቱ ማሕፀን ሳለ ነው። ጥርስ ሳያበቅል፣ ሆዱም እህል መፍጨት ሳይችል ለሚመጣው ለዚህ እንግዳ ከአቅሙ ጋር የተመጣጠነ ምግብ በእናቱ ደረት ላይ ይጠብቀዋል። እኛ ግን ይህን ጸጋ ብዙ ጊዜ በጥርጣሬ ዓይን እንመለከተዋለን። እናቲቱ ቀጭን ከሆነች «ወተቷ ውኃ ነው፣ አያጠግብም» ይባላል። ወፍራም ከሆነች ደግሞ ወተቷ ያለ ጥርጥር የተትረፈረፈ ይመስለናል። ለመሆኑ የእናት ኪሎ ከወተቷ ጋር ምን ያህል ይገናኛል?

ጥያቄው በተለይ ለፎገራ ቤተሰቦች ይቀርባል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ከምትገኘው ወረታ ከተማ ዙሪያ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ፣ በጣና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያረሰርሱት ለም ምድር ነው። የፎገራ ላምም በወተቷ የታወቀች ናት። ወተት በሞላበት አገር «ጡቷ አላጠገበውም» በተባለ ጊዜ ለጨቅላው የላም ወተት ማቅረብ ቀላል ነው። ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

አይቡና አጓቱ

አይብ አውጥታ የምታውቅ እናት የወተትን ፕሮቲን ለመረዳት አትቸገርም። አሬራው ሲሞቅ ተቋጥሮ አይብ የሚሆነው ፕሮቲን በአብዛኛው ኬሲን የሚባለው ነው። ሌላው ወገን የአጓት ፕሮቲን ይባላል። በላም ወተት ውስጥ ካለው ፕሮቲን ከመቶ 80 ያህሉ ኬሲን ነው። በእናት ወተት ግን ሚዛኑ የተለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአጓቱ ፕሮቲን እጅግ ያመዝናል፤ በኋላም ከመቶ 60 ገደማ የአጓት፣ 40 ገደማ ደግሞ ኬሲን ይሆናል።

መጠኑም ይለያያል። በ100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ ከ3 ግራም በላይ ፕሮቲን ሲኖር፣ በእናት ወተት ውስጥ ያለው 1 ግራም ገደማ ነው። ይህ ጉድለት አይደለም። ጥጃ ሁለት ወር ሳይሞላው የልደት ክብደቱን እጥፍ ያደርጋል፤ የሰው ልጅ ግን ለዚህ ከ4 እስከ 5 ወር ይፈጅበታል። ለጥጃ የተለካው ለሕፃን አልተለካም።

የጨቅላ ሕፃን ጨጓራ ገና ደካማ ነው። የላም ወተት በውስጡ ጠጥሮ ሲቋጠር፣ የእናቱ ወተት ግን በለስላሳው ረግቶ ቶሎ ያልፋል። ከዚህም በላይ የእናት ወተት ፕሮቲኑን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ይዞ ይመጣል፤ ሥራቸውንም ገና ጡት ውስጥ ሳሉ ይጀምራሉ። እንደ ላክቶፌሪንና ኢሚዩኖግሎቡሊን ያሉት ፕሮቲኖች ደግሞ በከፊል ሳይፈጩ አልፈው አንጀቱን ከተቅማጥ ተሕዋስያን ይጠብቃሉ።

ኪሎ ምን ይለውጣል?

የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጣው ዘገባ፣ መጠነኛ የምግብ እጥረት ያለባቸው ሴቶችም እንኳ ለልጃቸው የሚበቃ ወተት እንደሚያመነጩ አስረድቷል። የቀጭን እናት ወተት ፕሮቲኑ ያን ያህል አይጓደልም፤ ሰውነቷ ከራሱ እየቀነሰ ለልጁ ይሰጣልና። ስለዚህ አስቀድማ የምትጎዳው እሷው ናት። እጥረቱ ሲጠና ግን ወተቱም ይቀንሳል። ቪታሚን ኤ፣ የቢ ቪታሚኖችና አዮዲን ደግሞ እሷ ከምትመገበው ጋር ከፍና ዝቅ ይላሉ።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የቀጠኑ ነበሩ፤ ከሚገባው በላይ የወፈሩት 8 ነበሩ። በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶ 46ቱ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል።

ከመጠን በላይ በወፈሩ እናቶች ዘንድ ደግሞ ወተቱ ከወሊድ በኋላ ዘግይቶ የመምጣቱ ዕድል ይጨምራል። ሌፕቲን የተባለው ሆርሞንም በወተታቸው ውስጥ ከፍ ይላል። በፕሮቲኑ መጠን ላይ ግን ጥናቶች አንድ ዓይነት መልስ አልሰጡም። መፍትሔው ጡት ማስተው ሳይሆን፣ ልጁን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ማጥባትና ቶሎ ቶሎ ማስያዝ ነው።

የአባት ድርሻ

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 233ኛው አንቀጽ ማጥባትን መሙላት ለሚሹ ሁለት ሙሉ ዓመት ሲወስን፣ የእናቲቱን ምግብና ልብስ በመልካም ሁኔታ ማሟላትን በአባት ላይ ጥሏል። እንግዲህ የምታጠባ ሴት ከሰውነት ስትወጣ ተጠያቂው ወተቷ ሳይሆን የቤቱ ማዕድ ነው። የምታጠባ እናት ከወትሮው ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል። በፎገራ ሜዳ ሩዝ አለ፤ ሩዝ ብቻውን ግን አይበቃም። ሽንብራ፣ ምስር፣ እንቁላል፣ የጣና ዓሣ፣ አትክልትና አዮዲን ያለው ጨው ይጨመርበት። የላሟም ወተት ለእናቲቱ ይሁን፤ እሷ ስትጠጣው ለልጁ በሚስማማው መልክ ይደርሰዋል።

ለአራስ ልጅ ለጋ ቅቤ ማላስና እንገሩን አልቦ መድፋት በአገራችን የቆየ ልማድ ነው። እንገር ግን የሕፃኑ የመጀመሪያ ክትባት ያህል ነውና አይደፋ። በሱና የታወቀው ተህኒክ በለሰለሰ ተምር ላንቃውን መንካት እንጂ ምግብ አይደለም፤ የጡት ምትክም አይሆንም። ማር ዓመት ላልሞላው ልጅ አደገኛ ነውና አይሰጥ።

በረመዷንም የምታጠባ እናት ለራሷ ወይም ለልጇ ከሰጋች ጾሙን እንድትፈታ ተፈቅዶላታል፤ በኋላ ስለሚጠበቅባት ዓሊሞችን ትጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የቱርክ ጥናት፣ በጾሙ ወር የወተቱ ፕሮቲን ሳይለወጥ ዚንክ፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ቀንሰው እንዳገኛቸው ገልጿል።

ልጁ ኪሎ ካልጨመረ፣ ሽንቱ በቀን ከስድስት ጊዜ ካነሰ ወይም ከደከመ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ግዴታ ነው። ኪሎው እየጨመረ ከሆነ ግን ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት ሌላ ውኃም ቢሆን አያሻውም።

አላህ (ሱ.ወ.) እናቶቻችንን ያበርታልን፤ አባቶችንም አማናቸውን የሚወጡ ያድርጋቸው። አሚን!