የሠራተኛን ልጅ ስለ ማክበር

ተማሪዎች ሆይ፤ በአንድ ትምህርት ቤት የገበሬው፣ የነጋዴው፣ የሸማኔው፣ የብረት ቀጥቃጩና የሸክላ ሠሪዋ ልጆች አንድነት ተቀምጠው ይማራሉ። ፊደሉም መምህሩም ለሁሉ አንድ ነው። ነገር ግን በብዙ አገር ከጥንት የቆየ ክፉ ልማድ አለ፤ ይኸውም ሠራተኛን ጠይብ፣ ፋቂ፣ ቁጢት በጣሽ፣ ቡዳ እያሉ መስደብ፣ ከእርሱም ጋራ መብላትንና መጋባትን መጸየፍ ነው። ልጆችም ይህን ከትልልቆች ሰምተው ወደ ትምህርት ቤት ያመጡታል።

እስኪ ነገሩን ከእንጀራው እንመልከት። ሸክላ ሠሪዋ አፈር መርጣ ትቆፍራለች፤ አድርቃ ትወቅጣለች፤ ነፍታ በውሃ ትለውሳለች፤ ምጣዱንም በእጇ አበጅታ፣ በጥላ አድርቃ፣ በድንጋይ አለስልሳ በእሳት ትተኩሰዋለች። ጥቂት እርጥበት ቢቀርበት ይሰነጠቃልና የብዙ ቀን ድካሟ ከንቱ ይሆናል። ቀጥቃጩም በወናፍ እሳቱን እያናፋ ብረቱን ካላጋለ ማረሻ የለም፤ ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ እርሻ ከሌለም እንጀራ የለም። እንግዲህ እነዚህን የሚንቅ ሰው በመሶቡ ያለውን እንጀራ መናቁ ነው።

ጠይብ የሚለውም ቃል ጠቢብ ለሚለው ቃል ዘመድ ነው፤ ለክብር የሚገባውን ስም ሰዎች ስድብ አደረጉት። ስለዚህ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ማንም ሰው ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድብ በዐዋጅ ከለከሉ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም ሰው በማኅበራዊ አመጣጡ ልዩነት ሳይደረግበት በሕግ ፊት እኩል መሆኑን ደንግጓል።

ሕፃን ሲታመም ቡዳ በላው ማለትም ስሕተት ነው። ወባ የምትተላለፈው በወባ ትንኝ ንክሻ ነው፤ ተቅማጥም ብዙ ጊዜ ከቈሸሸ ውሃና ምግብ ይመጣል፤ የሰው ዓይን ግን በሽታ አይሰጥም። ይህን ባለማወቅ ጎረቤቱን የሚጠረጥር ሰው ወንድሙን ይበድላል፤ ልጁንም ወደ ሐኪም ሳያደርስ ይዘገያል።

ዐዋጅና ሕግ ብቻውን ግን ልማድን አይነቅልም፤ የሚነቅለው የየቀኑ ሥራ ነው። ዕለት ዕለት የሚሰደብ ልጅ ልቡ ስለሚቈስል ትምህርቱን ትቶ ይቀራል፤ አገርም አንድ አዋቂ ያጣል። ስለዚህ ባልንጀራችሁ በአባቱ ወይም በእናቱ ሥራ ሲሰደብ ብትሰሙ አብራችሁ አትሳቁ። ከአጠገቡ ተቀመጡ፤ በአንድ ዋንጫ ጠጡ፤ በጨዋታም አትለዩት። ሰው የሚመዘነው በጠባዩና በትጋቱ እንጂ በአባቱ መዶሻ ወይም በእናቱ ጭቃ አይደለምና።