ታይታኒክ ስለ ምን አትረሳም?

መጨረሻው አስቀድሞ የታወቀ ታሪክ ሰሚን አይስብም ይባላል። ታይታኒክ የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ታሪክ ግን ይህን አባባል ያፈርሰዋል። መርከቢቱ እንደምትሰጥም የማያውቅ ተመልካች የለም ለማለት ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ሠዓሊያን፣ ደራስያንና የፊልም አዘጋጆች ከመቶ ዓመት በላይ ይህንኑ ታሪክ ደጋግመው ሲተርኩት ኖረዋል። ምክንያቱ ምን ይመስላችኋል?

በመጀመሪያ የነገሩን አፈጻጸም እንመልከት። በዘመኗ ከነበሩት መርከቦች ሁሉ በግዙፍነቷ የላቀችው ታይታኒክ፣ ከእንግሊዝ አገር ወደ ኒውዮርክ የመጀመሪያ ጉዞዋን በማድረግ ላይ ነበረች። ሚያዝያ 6 ቀን 1904 ዓ.ም.፣ ማለትም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ኤፕሪል 14 ቀን 1912፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ከተንሳፋፊ የበረዶ ግግር ጋር ተጋጨች፤ 8 ሰዓት ከ20 ላይም ሰጠመች። ከተሳፈሩት 2200 ያህል ሰዎች ከ1500 በላይ የሚሆኑት አለቁ።

ነገር ግን የሟቾች ብዛት ብቻውን ታሪኩን ዝነኛ አላደረገውም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዶኛ ፓዝ የተባለች የፊሊፒንስ መርከብ ከነዳጅ ጫኝ መርከብ ጋር ተጋጭታ በተቃጠለች ጊዜ ከ4000 በላይ መንገደኞች ሞተዋል፤ ስሟን የሚያውቁ ግን ጥቂቶች ናቸው። በታይታኒክ ላይ ስመ ጥር ባለጸጎች ስለ ነበሩ ጋዜጦች ወሬውን ወዲያው በየአገሩ አዳረሱት። የታሪኩ ሥር ግን ከጋዜጣ ወሬ የጠለቀ ነው።

ይኸውም መርከቢቱ ለመስጠም 160 ደቂቃዎች መፍጀቷ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ምርጫ ቀርቦለት ነበር። የነፍስ አድን ጀልባዎቹ 20 ብቻ ሲሆኑ፣ ሁሉም ቢሞሉ እንኳ የሚይዙት 1178 ሰዎችን ነበር። ስምንቱ ሙዚቀኞች ሙዚቃቸውን ሲያሰሙ ቈይተው ሁሉም ሞቱ። አንዳንዶቹ ጀልባዎች ግን ሳይሞሉ ሄዱ። ከአንደኛ ማዕረግ ሴቶች የሞቱት እጅግ ጥቂት ሲሆኑ፣ ከሦስተኛ ማዕረግ ሴቶች ግን ከግማሽ በላይ አለቁ። እንግዲህ መርከቢቱ የሰውን ልጅ ኅብረተሰብ በትንሹ የምታሳይ መስተዋት ሆነች ማለት ነው።

በዚህም የተነሣ እያንዳንዱ ዘመን የራሱን መልክ አየባት። መርከቢቱ በሰጠመች በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ፣ ከአደጋው የተረፈች አንዲት ተዋናይት የራሷን ታሪክ በፊልም ተጫወተችው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ማክስ ቤክማን በሥዕሉ ግንባር ላይ ያኖረው ግዙፏን መርከብ ሳይሆን በማዕበል የሚንገላቱትን ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1943 የናዚ መንግሥት ባሠራው ፊልም የአደጋው መንሥኤ የእንግሊዞች ስግብግብነት ነው ተብሎ ለፕሮፓጋንዳ ዋለ። ስብርባሪዋ በ1985 ለሁለት ተከፍሎ ከባሕር ወለል ላይ ከተገኘ በኋላ ደግሞ፣ ጄምስ ካሜሮን በ1997 ባቀረበው ፊልም የአንዲት ባለጸጋ ልጅንና የአንድ ድኻ ወጣትን ፍቅር ተረከ።

ስለዚህ ተመልካችን የሚይዘው «ምን ይሆናል?» የሚለው ጥያቄ ሳይሆን «ማን ምን ያደርጋል?» የሚለው ነው። እናንተም በዚያች ሌሊት ገና ካልሞላች ጀልባ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ከጨለማው ውስጥ የሰዎችን ጩኸት ብትሰሙ ኖሮ ትመለሱ ነበርን? ታሪኩ የማይረሳው ይህን ጥያቄ በእርግጠኝነት መመለስ የሚችል ሰው ስለሌለ ነው።